ሳልድን አስወጡኝ፤ ዋስ ግን ተገኘልን

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ብዙ ጊዜ ለምናችሁኝ እምቢ ብያለሁ። አፍሬ አይደለም፤ ማፈር የሚባል ነገር እንዳልፈጠረብኝ ታውቃላችሁ። ደክሞኝ ነው። ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ፊቱ እየበራ፣ እጁን እያነሳ ሲናገር አያለሁ፤ የእኔ ፊት አይበራም። እንዲያውም አንዲት እህታችን በቀደም «አንቺ ስትዘምሪ ሙሾ ይመስላል» ብላኛለች። እውነቷን ነው። ቢሆንም የተደረገልኝን ውጬ ብቀር ሌባ እሆናለሁ። እንደ ድካሜ ስሙኝ። ስሙ ይባረክ።

ድምፄንም ከፍ አላደርግም። እሑድን ትተን በሥራ ቀን የምንሰበሰበው ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጥሊያን የወንጌል አስተማሪዎቻችንን ካባረረ ወዲህ ሰው ሲያየን ማሰሮ ልንገዛ የመጣን እንዲመስለው ነው። አያ ታምራትም እዚያ ጥግ ሸማቸውን እየሠሩ የሚሰሙኝ የመወርወሪያው ድምፅ የእኔን እንዲሸፍንልኝ ነው። አያ ታምራት፣ ዛሬ ስለ እርስዎ እናገራለሁ። ቢከፋዎም ቀና አይበሉ፤ ይሥሩ።

ለማታውቁኝ ስሜ ዓለምነሽ ነው። ወገኖቼ ትክል ድንጋይ በሚባለው አገር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ ከፍተኛው ክፍል ደርሼ፣ ፈረንሳይኛም ለምጄ ሳለሁ ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ከእምነት በፊት እንዴት ነበርሽ ትሉኛላችሁ። ጣዖት አላመለክሁም፣ ጠጅ ቤትም አልዋልኩም። አንድ ቦታ የማልቀመጥ ሰው ነበርኩ። ሰፌድ እጀምርና እጥላለሁ፤ ቄሱን እሞግታለሁ፤ ሊያጩኝ የመጡ ሽማግሌዎችን ከደጅ መልሻለሁ። እናቴ «ይህችን ልጅ የተማረ ጋኔን ነው የያዛት» ትል ነበር። እግዚአብሔር የለም አላልኩም፤ ከእኔ ጋር ግን ጉዳይ ያለው አይመስለኝም ነበር። የማምነው ሌላ ነገር ነበር፦ ሰው ከተማረና ጉዳዩን ደህና አድርጎ ካስረዳ ይፈረድለታል ብዬ አምን ነበር። ሃይማኖቴ ይኸው ነበር።

ከዚያ ቀኝ ጎኔን ወጋኝ። መጀመሪያ ምግብ ነው አልን፤ ኋላ ቀና ማለት አቃተኝ። እናቴ ጠበል ይሻላል ስትል ታላቅ ወንድሜ አያ ሙላት አልሰማትም፤ በበቅሎ ጭኖ ጎንደር አመጣኝ። ጥሊያን ለአገሬው ሰው የከፈተው የሕመምተኛ ክፍል አለ፤ እዚያ አስተኙኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው። በፈረንሳይኛ ስመልስለት ቅንድቡን አነሳ፤ ፍየል የተናገረች ነው የመሰለው። ኦፕራሲዮን ካልተደረግሽ ትሞቻለሽ አለኝ፣ እሺ አልኩ፣ ቀደደኝ። እዚህ ላይ ሐሰት አልናገርም፦ በደንብ ነው የቀደደኝ። ባይቀድደኝ ኖሮ ይኼኔ አፈር ነበርኩ። ስለዚያም ጌታ ይመስገን።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ውስጤ መግል ይዞ ስለነበር ቁስሉን አልዘጉትም፤ ፋሻ ጠቀጠቁበት። ፋሻው እየወጣ በአዲስ እንደሚለወጥ ሐኪሙ ራሱ ነገረኝ። የሚለውጥ ሰው ግን አልመጣም። አስታማሚው የላዩን ጨርቅ ይቀይርና ያልፋል። የውስጡስ ስለው «አንቺ ነሽ ሐኪሟ?» ይለኛል። ትኩሳቱ ወጣብኝ። ሽታውም ጀመረኝ፤ አጠገቤ የተኛችው የደንቢያ ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እያደረገች ይቅርታ ትለኝ ነበር።

በዚህ መሐል አርማጭሆ ላይ ውጊያ ሆነ። ማኪናዎች ቁስለኛ አስካሪ፣ የጥሊያንን ጥቁር ወታደር፣ ጭነው ግቢውን ሞሉት። ሐኪሙ ከአንድ መኮንን ጋር በር ላይ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ ይቺን፣ ያቺን፣ ያንን ይላል። እኔ ላይም ጠቆመ።

«ትኩሳት አለብኝ፤ የውስጡ ፋሻ አልወጣም» አልኩት በፈረንሳይኛ።

«እቤትሽ ቶሎ ትድኛለሽ» አለኝ። ሲናገር የሚያየው አልጋውን ነበር።

አለቀ። ጎኔን ሳይከፍት፣ ግንባሬን እንኳ ሳይነካ አስነሱኝ። የደንቢያዋን ሴትዮ ከነብርድ ልብሷ በረንዳ ላይ አወጧት፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስባታለሁ።

አያ ሙላት በር ላይ ነበር። ስለ ወንድሜ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ የሚከተለው አይገባችሁም። ረጅም ነው፣ ድምፀ ትልቅ ነው፣ ነገር ይወዳል። በእኛ አገር ሰው እርሻውን ትቶም ቢሆን ችሎት ይሟገታል፤ እሱ ግን የሰው ሙግት ሁሉ እየተዋሰ የሚሟገት ነው። በበቅሎ ጭኖኝ ስንወርድ ሐኪሙን፣ የሐኪሙን አባት፣ የሐኪሙን ንጉሥ እየሰደበ ነበር። የቀሐን ወንዝ ስንሻገር ከበቅሎዋ ወደቅኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው፤ የወንዝ ድምፅ፣ ገና እሳት ያልገባ ማሰሮ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ፣ እጇ ጭቃ የሆነ ሴት።

እትዬ የሺ ነበረች።

እትዬ፣ ወንድሜ ያን ቀን ያለሽን እዚህ ሁሉ ሰው ፊት አልደግመውም። ሸክላ ሠሪና ሸማኔ፣ ያውም ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ፣ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ቡዳ ነው፣ ይበላል ይባላል፤ በተለይ ቁስለኛ። አያ ሙላት ክታቡን በሁለት እጁ ጨብጦ «እህቴን በዚህ ቤት አላስገባም» አለ። እትዬ የሺ አልተቆጣችም። አንተ ውጭ ሁን፣ እሷን ግን አትያዝብኝ ብላ በብብቴ ገብታ ጎተተችኝ። ባለቤቷ አያ ታምራት ከጥጋቸው ሆነው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦

«አይዞህ ልጄ፣ ዛሬ ጾም ላይ ነን።»

ጎኔ እየተቀደደ ሳቅሁ። አያ ሙላት አልሳቀም። በቅሎውን አጥሩ ላይ አስሮ ደጅ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም የዚህን ቤት ደፍ ሳይረግጥ ደጅ ደጁን ኖረ።

እትዬ የሺ ቁስሉን ስትከፍተው ፊቷን አላዞረችም። ይህን ነው የማስታውሰው። የወለደችኝ እናቴ ከትክል ድንጋይ መጥታ ስታየው ወጥታ አስታውካለች፤ አልፈርድባትም። እትዬ የሺ ግን በፈላ ውኃና በጨው ታጥባለች፣ ትጸልያለች፣ እንደገና ታጥባለች። ስትጸልይ ዓይኔን አልጨፍንም ነበር። አንድ ቀን «እኔ አላምንም፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» አልኳት። «አንቺ ተኚ፤ እኔ ነኝ የማምነው» አለችኝ።

እያጠበችኝ ሳለ ከቁስሉ ውስጥ የክር ጫፍ የመሰለ ታየ። ቀስ አድርጋ ሳበችው። መጣ። ደግሞ ሳበችው፣ ደግሞ መጣ። የጠቀጠቁብኝ ፋሻ ነበር፤ ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ እንዴት ያለ ሽታ። ሐኪሙ ይለወጣል ያለኝ፣ ማንም ሳይለውጠው በሆዴ ይዤው ከአልጋዬ የወረድኩት። ፋሻው ከወጣ በኋላ መግሉ ፈሰሰ፣ ትኩሳቱም ሄደ። በቅጽበት ተፈወስኩ አልላችሁም፤ ብዙ ተኛሁ፣ ብዙም ተሰቃየሁ። ግን ዳንኩ። ጌታ ይመስገን፣ ስሙ ይባረክ። በቤቱ የነበሩት ሲያመሰግኑ እኔ ያን ፋሻ እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ ከስሼ አሳየዋለሁ።

አያ ሙላትም ያሰበው ያንኑ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ እግሩን ሳያስገባ፣ እጁን ዘርግቶ «ስጡኝ፣ ምስክራችን እሱ ነው» አለ። ፋሻውን በቅጠል ጠቅልሎ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ከተማው ገበያ፣ ወደ አራዳ ወጣ። የክሱን ቃል እኔ ነኝ ያስጠናሁት፦ ሳትድን ማስወጣት አንድ በደል፤ ፋሻ በሆዷ ረስቶ መስደድ ሁለተኛ በደል፤ ስትነግረው አለመስማት ከሁለቱ የባሰ በደል። ሲያጠና ደስ ይለኝ ነበር። የሚያውቃቸውን የአራዳ ሽማግሌዎች ቢያማክራቸው አንዱ ሐኪሙ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃት ሲሉ፣ ሌላው «ድንጋይ ከየት ይመጣል? ጥሊያን አንድ ሳያስቀር መንገድ ላይ አንጥፎታል» ብለው አስቀውበታል። የጥሊያኑ ሹም ቢሮ ደጅ ጠና፤ ዘበኞች ገፉት። ተመልሶ ሄደ፤ ገፉት። እኔ ደግሞ ከመደቤ ሆኜ «ሂድ፣ አትተው» እለዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አራዳ መሐል ሐኪሙ ከማኪና ሲወርድ አገኘው። ቦርሳውን ይዞ ወደ ሱቅ ሊገባ ነው። አያ ሙላት ፊቱ ቆመ፣ ፋሻውን ከፍ አደረገ፣ በዚያ ድምፁ ጮኸ፦

«በጃንሆይ አምላክ! ቁም!»

ድሮ ሰው በጃንሆይ አምላክ ከተባለ ይቆማል። የቸኮለም ይቆማል፣ ጌታም ይቆማል። ከቆመ በኋላ ከከሳሹ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ወንድሜ ሰው የሚከሰስበት ሌላ ቋንቋ አያውቅም፤ አባቱም ያቆመው፣ አያቱም ያቆመው በዚህ ነው። የትኛው ጃንሆይ፣ የት አገር እንዳሉ፣ ስማቸውን የጠራ ምን እንደሚደረግ በዚያች ሰዓት አልታየውም። ሐኪሙ አልቆመም፤ ምን እንደተባለ የት ያውቃል? የቆመው አራዳ ነው። ያዩ እንደነገሩኝ ጫማ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ቆመ፣ እህል ተሸካሚው ከነጆንያው ቆመ፣ ሁለት ባንዳዎች እንኳ በልማድ ቀጥ አሉ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም የሰማውን አወቀና መንገዱ ባዶ ሆነ። ወንድሜን በጠመንጃ ሰደፍ ጥለው ወሰዱት። ፋሻውን ረገጡት።

ከዚያ በኋላ የእኔ ክስ ምን ዋጋ አለው? ከዚህ ባነሰ የተሰቀለ ሰው አይተናል። እናቴ እዚህ ደጅ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ጎንሽ ዳነ አይደል? አሁን የሱን አንገት አምጪልኝ» አለችኝ።

በትር ተደግፌ ሹሙ ቢሮ ወጣሁ። በፈረንሳይኛ ጀመርኩ፤ ሹሙ አልወደደም፣ ከመረብ ማዶ የመጣ ሽበታም አስተርጓሚ ጠራ። ወንድሜ የሸሸ ንጉሥ ስም ጠርቶ ሕዝብ ሊያስነሳ ነበር ተባለ። ገበሬ ነው፣ ልማድ ነው፣ ደንብ ነው እያልኩ አስረዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደህና አድርጌ ያስረዳሁበት ጊዜ የለም። ሹሙ ጥፍሩን እያየ አስጨረሰኝ። ከዚያ ያለውን አስተርጓሚው ዝግ ብሎ ነገረኝ፦ ሐኪሙ ባለበት ክስሽን መተውሽን በቃልሽ ትናገሪያለሽ። ሌላም፣ ቤት ያለው የከተማ ሰው ዋስ ይቁምለት፤ በየሳምንቱ እየመጣ ይታያል። አንድ ሳምንት ከቀረና ጫካ ከገባ ዋሱ ይሰቀላል።

አስተርጓሚው እስከ ደረጃው ሸኘኝና በራሱ አፍ «እህቴ፣ ይህን ዋስ አታገኚም፤ አርማጭሆ እኮ ከዚህ ይታያል» አለኝ።

እንዳለውም ሆነ። አራዳ ውስጥ ወገን አለን። የወንድሜ የክርስትና አባት ባለ ሱቅ ናቸው፤ በየዓመት በዓሉ አብልተውታል፣ ልጃቸውን ሊድሩለትም አስበው ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ልጄ፣ እኔ ለሙላት የክርስትና አባቱ ነኝ እንጂ አንገቱ አይደለሁም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሉት እውነት ነው። ሌላውም ቤት እንዲሁ። አንዱ በሩን አልከፈተም፤ አንዱ ከፍቶ እንጀራ ሰጠኝና ዘጋ። ጎኔን ይዤ ቀሐ ወረድኩ። እዚያ የደረቁ ማሰሮዎች አጠገብ ቁጭ አልኩ። እትዬ የሺ ምን አሉሽ ስትለኝ ነገርኳት። ለመንገር ነው የነገርኳት፤ በሕግ አምላክ፣ እነዚህን ሰዎች እለምናለሁ ብዬ አላሰብኩም። በምን አፌ?

አያ ታምራት ሰምተው ኖሯል። ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጋቢያቸውን ደረቡ።

«የት ነው?» አለቻቸው እትዬ የሺ። ገብቷታል፤ ስትነሳ የያዘችው ማሰሮ ከእጇ ወደቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ደም ሥሩ ቆሟል። እንደተፈታ ጫካ ነው የሚገባው፤ እኔ ብሆን እገባለሁ።»

«ሊገባ ይችላል።»

«እና?»

«እና ዋስ ያስፈለገው ለዚያ አይደል?»

እኔም አላስቻለኝም፦ «አያ ታምራት፣ ቡዳ ነው ያለዎት እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ሲናገር ጮክ ብሎ ነው።» ከዚያ እሷን እያዩ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ «የሺ፣ እኔም ሳልጠራው ነው ዋስ የቆመልኝ» አሏት። እትዬ የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቁስል ስታጥብ ያላዞረችውን ፊት።

ወገኖቼ፣ ዳገቱን ስንወጣ ከኋላቸው ነበርኩ። ደክሞኛል፣ ጎኔ ይወጋኛል፣ እሳቸው ደግሞ ይቸኩላሉ። የማየው አንገታቸውን ብቻ ነው። ቀጭን ነው፤ ከኋላ ብታዩት የልጅ አንገት ይመስላል። ይህ አንገት ለአያ ሙላት ነው? ምን አድርጎ? እትዬ የሺ ስታነብልኝ የሰማሁት ሁሉ፣ ስለ ኃጢአተኛ የሞተው፣ ስለ ጠላቶቹ የጸለየው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ንባብ ነበር። ዳገቱ ላይ ግን ሲሄድ አየሁት። የተማርኩት ሁሉ አልረዳኝም፣ ያስረዳሁትም ሁሉ አልረዳኝም። በዚያ ድካም አጠር አድርጌ ጸለይኩ፦ «ጌታ ኢየሱስ፣ እኔ አልቻልኩም። ክሱንም፣ ወንድሜንም፣ እኔንም ያዝልኝ።» ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ ብጨፍን እወድቃለሁ። ጌታን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ብርሃን አላየሁም። ትንፋሽ እያጠረኝ ነበር። ስሙ ለዘላለም ይባረክ።

ሹሙ ፊት አያ ታምራት ስማቸውን፣ ቤታቸውን፣ ሥራቸውን ተናገሩ። አስተርጓሚው «ቢሸሽ አንተ እንደምትሰቀል ገብቶሃል?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ እንዲመለሱ የፈለገ ይመስለኛል። ገብቶኛል አሉ። ሐኪሙን አስጠሩት። ወንድሜን አቀረቡት፤ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። የቆሙለትን ሰው በቀረው ዓይኑ አየ።

በደል አልደረሰብኝም በይ አሉኝ። አልቻልኩም። አሁንም ጌታ ነው የረዳኝ፤ ቁጣዬን ይዤ ብሄድ ኖሮ ፋሻውን፣ አልጋውን፣ ሁሉንም እዘረግፍና ወንድሜን እዚያው እጨርሰው ነበር። «ክሴን ትቻለሁ። ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። አስተርጓሚው ተረጎመ፣ ሹሙ በእጁ ሂዱ አለ።

ስንወጣ ሐኪሙ በሩ ላይ ጓንቱን እየሳበ ነበር። ቀረብ ብዬ በፈረንሳይኛ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ፣ «ሳልድን ነው ያስወጣኸኝ። ፋሻው ውስጤ ነበር» አልኩት። አልተሳደብኩም። እንዲያውቀው ፈልጌ ነው።

ጓንቱን መሳብ አቆመ። አሁን ፊቴን አየ። «አውቃለሁ» አለ።

ሄደ። ያገኘሁት ፍርድ ይኸው ነው፤ አንዲት ቃል። ማታ ማታ ስመዝናት የምትበዛብኝም ጊዜ አለ፣ የምታንስብኝም ጊዜ አለ። እሱ ዛሬም በማኪናው ያልፋል። ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ፤ ሲያልፍ ግን ጎኔን እይዛለሁ። ጸልዩልኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አያ ሙላት «ምነው?» አላቸው አያ ታምራትን።

«ምነው ምን?»

«ምነው ቆምህልኝ?»

«እህትህ ደክሟት ነበር» አሉት። ይኸው ነው ያሉት፤ ስብከትም አልጨመሩ።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉ የከበደኝን ነው። አያ ሙላት ወደ እርሻው ተመለሰ፤ በየሳምንቱም ለመታየት ከትክል ድንጋይ ይመጣል። እናንተም በየጫካው አርበኛ ዘመድ አላችሁ፤ የእኛም አለ። የአጎታችን ልጆች እየመጡ ያባብሉታል፣ ይሰድቡታል። እያንዳንዱ ሳምንት እዚህ ቤት እንዴት እንደሚያልፍ የምናውቅ እኛ ነን። እትዬ የሺ መንገዱን አላይም ትላለች፣ ታያለች። ክረምቱ ሲጠና አንድ ሳምንት ረፍዶም አልመጣም። ቀትር አለፈ። አያ ታምራት ሸማቸውን ይሠራሉ፤ ክሩ ተበጠሰ፣ ቀጠሉት፣ ደግሞ ተበጠሰ። ፈርተዋል። አያ ታምራት፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይህን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ የማይፈሩ ሰው መስለውኝ ነበር። እየፈሩ ነው የቆሙት። ጸልየናል፤ ጸሎትም አይመስልም ነበር፣ ቁጭ ብለን ዝም ማለት ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። እስከ ደረቱ ጭቃ ነው። ወንዞቹ ሞልተው የሚሻገርበት አጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ሮጦ ታይቶ፣ ከዚያ ወደዚህ ወርዶ ነው። መውረድ ግዴታው አልነበረም። ደፉ ላይ ቆመ።

«ውኃው ሞልቶ ነው፤ አልሸሸሁም» አላቸው።

«አላልኩም። ግባና ድረቅ።»

ደፉን አየ። ገባ። እትዬ የሺ እሳቱ አጠገብ ቦታ ለቀቀችለትና ጀርባዋን ሰጥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

ወንድሜ አላመነም። ስለ እሱ ያልሆነውን አልናገርም። ቄሱን አልተወም፣ ታቦቱን አልተወም፣ እኔንም ከሃዲ ይለኛል። ግን የአጎታችን ልጆች እንደገና መጥተው «በሸማኔ ታስረህ ትቀራለህ?» ሲሉት ምን እንዳላቸው እናቴ ሰምታ ነግራኛለች። «አንገቴ እኔ ዘንድ የለም፤ አንድ ሰው ይዞልኛል። እሱን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አላቸው።

ስለዚህ እኔ የቆምኩት ይህን ልላችሁ ነው። ፍርድ ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም፤ ዋስ አገኘሁ። ከእናንተ መካከል ክስ ያለው፣ ተበድሎ የሚሰማው ያጣ፣ አስረድቶ አስረድቶ የደከመው ካለ፣ ጌታ ኢየሱስ በእኛ ፋንታ አንገቱን ሰጥቶ የቆመ ዋስ ነው፤ እመኑት። ደስ እስኪላችሁ አትጠብቁ። እኔ ደስ ብሎኝ አልመጣሁም። እየደከማችሁም ያዙት፤ እሱ የያዘውን አይለቅም። ስሙ ይባረክ፣ አሜን።

ልቀመጥ። አያ ታምራት፣ አሁን ቀና ማለት ይችላሉ።